ከበሮ ያስቆጠረው ልጅ፦ ዳኒሎ ፔሬዝ፣ ፒያኖውና ተማሪዎቹ

(መክፈቻ፦ የኮንጋ ከበሮና የፒያኖ ዜማ። ለግማሽ ደቂቃ ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከንግግሩ ሥር ይቀጥላል።)

ሳምንታዊው የሙዚቃ ትምህርት ዝግጅታችን ጀምሯል። ለዛሬው ትምህርት ደብተርም እስክሪብቶም አያስፈልግም፤ ሁለት እጅ ይበቃል። አሽከርካሪዎች ግን አደራ፣ እጃችሁ ከመሪው ላይ እንዳይነሣ፤ እናንተ በአፋችሁ ትቆጥራላችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ፓናማዊው የላቲን ጃዝ ፒያኒስት፣ አቀናባሪና የሙዚቃ መምህር ስለ ዳኒሎ ፔሬዝ ነው። ብዙ ስመ ጥር ሙዚቀኞች ወደ ማስተማር የሚያዘነብሉት መድረኩ ሲደክማቸው ነው። የፔሬዝ ነገር ግን ይለያል። እሱ ሙዚቃን የተማረው ሙዚቀኛ እንዲሆን ብቻ አልነበረም፤ ሒሳብም ሌላውም ትምህርት በሙዚቃ በኩል እንዲገባው ተብሎ ነው። ካደገ በኋላም ያስተማረው በዚያው መንገድ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ እንነሣ። በዝግጅታችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልን።

(ዜማው ይቆማል።)

ዳኒሎ ፔሬዝ በ1965 ፓናማ ውስጥ ተወለደ። ፓናማ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካን በሚያገናኘው ቀጭን መሬት ላይ ያለች ትንሽ አገር ናት። ትንሽነቷ ግን በሙዚቃዋ አይታይም። ስፔናውያን ጊታራቸውን ይዘው መጡ፤ በባርነት ያመጧቸው አፍሪካውያን የከበሮ ምታቸውን አልረሱም፤ ነባሩ ሕዝብም የራሱ ዜማ ነበረው። በ1914 ሥራ የጀመረውን የፓናማ ቦይ ለመቆፈር ከጃማይካ፣ ከባርቤዶስና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች የመጡት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችም የየአገራቸውን ዘፈን ጨመሩበት። ታምቦሪቶ የሚባለውን የፓናማ ባህላዊ ጭፈራ ብትሰሙ ወዲያው ትለምዱታላችሁ። አውጪዋ ሴት ታዜማለች፤ ተቀባዮቹ እያጨበጨቡ ይቀበሏታል፤ ከሥር ደግሞ ድምፃቸው የተለያየ ከበሮዎች እርስ በርስ ይመላለሳሉ።

አባቱ በስም ሞክሼው ናቸው፤ እሳቸውም ዳኒሎ ፔሬዝ ይባላሉ። በባንድ ውስጥ ዘፋኝ ነበሩ፤ የትምህርት ቤት መምህርም ነበሩ። ሁለቱን ሙያ ግን እንደ ሁለት አላዩዋቸውም። ልጃቸው ገና ዳዴ ከማለት ወጥቶ መሮጥ በጀመረበት በ1967 የመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጁ። ሐሳቡ ደፋር ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሙሉ በሙዚቃ አማካይነት ሊሰጥ ይገባል የሚል ነው። ዘዴውንም በገዛ ልጃቸው ላይ ሠሩበት። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቦንጎ ሰጡት፤ ቦንጎ በጉልበት መካከል ተይዞ በጣት የሚመታ ጥንድ ትንንሽ ከበሮ ነው። ሒሳብ የሚከብደው ልጅ፣ ከበሮ ሲይዝ ቁጥሩ በጣቱ በኩል ይገባው ጀመር።

እንዲህ ሲባል ተረት ሊመስል ይችላልና በራሳችን ምሳሌ እንሞክረው። ክፍልፋይ ለብዙ ልጆች ዳገት ነው። ግማሽና ሩብ ምን እንደሆኑ በሰሌዳ ላይ ያያሉ፤ ሲደምሩ ግን ይጠፋባቸዋል። አሁን እግራችሁን በዝግታ፣ እኩል እኩል፣ አራት ጊዜ ወለሉ ላይ ምቱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እግራችሁ እንዳያቋርጥ።

(የእግር ምት ድምፅ ይገባል፤ እስከ ልምምዱ ማብቂያ ይቀጥላል።)

በመጀመሪያው ምት ላይ አንዴ ብቻ አጨብጭቡና «ታ» እያላችሁ ድምፁን እስከ አራተኛው ምት ጎትቱት። ይህ ሙሉ ኖታ ይባላል። ቀጥሎ በአንድና በሦስት ላይ አጨብጭቡ፤ ሙሉውን ለሁለት ከፈላችሁት፤ እያንዳንዱ ግማሽ ኖታ ነው። አሁን በአራቱም ላይ አጨብጭቡ፤ ሩብ፣ ሩብ፣ ሩብ፣ ሩብ። በመጨረሻ ቀላቅሉት፤ በአንድ፣ በሦስትና በአራት ላይ ብቻ። ምን ሆነ? አንድ ግማሽ እና ሁለት ሩቦች፤ ሲደመሩ አንድ ሙሉ። አንድ ሩብ የጨመረ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር እኩል አይጨርስም፤ ያጎደለም ቀድሟቸው ይጨርሳል። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ሳያነሣ ስሕተቱን የገዛ ጆሮው ይነግረዋል። የአባትየው ሐሳብ ጉልበት እዚህ ላይ ነው።

(የእግር ምቱ ይቆማል። አጭር የክላሲካል ፒያኖ ቅንጭብ።)

ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው በፓናማ ብሔራዊ ኮንሰርቫቶሪ የአውሮፓን ክላሲካል ፒያኖ መማር ጀመረ። ስለዚህ በአንድ ራስ ውስጥ ሁለት ትምህርት ቤት ተቀመጠ፤ ጠዋት በኖታ የተጻፈው የአውሮፓ ሥራ፣ ማታ የአባቱ ባንድ ዘፈን። ያም ሆኖ ወጣቱ ፔሬዝ በመጀመሪያ ያጠናው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገረውም በፔንሲልቬንያ ይህንኑ ለመቀጠል ነበር። ሙዚቃው ግን አልለቀው አለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ቦስተን ከተማ ወደሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ የጃዝ ድርሰትም አጠና።

በርክሊ ለእኛም እንግዳ ስም አይደለም። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ ከፔሬዝ ብዙ ዓመታት ቀድመው እዚያው ተምረዋል። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ አልበሞቻቸውን ያስቀረጹትም የኢትዮጵያን ዜማ ከላቲን ምት ጋር አዋሕደው ነው። ዛሬ በኢትዮ ጃዝ ውስጥ የኮንጋ ከበሮ ስትሰሙ የመጣበትን መንገድ አስታውሱ።

ለመሆኑ ላቲን ጃዝ ምንድን ነው? የጃዝ ሙዚቀኛ ዜማውን ከወረቀት አንብቦ ብቻ አይጫወትም። መነሻው ዜማ ከተጫወተ በኋላ ተራ በተራ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ይፈጥራል። የቅኔ ተማሪ ቤቱንና ሕጉን ጠብቆ፣ በዕለቱ፣ በጉባኤው ፊት አዲስ ቅኔ እንደሚዘርፍ ማለት ነው። ነፃነት አለው፤ ቤት መምታት ግን ግዴታው ነው። ላቲን ጃዝ ይህን የመፍጠር ልማድ ከካሪቢያንና ከላቲን አሜሪካ ምቶች ጋር ያጋባ ሙዚቃ ነው።

ጋብቻው የተፈጸመው በ1940ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። ማሪዮ ባውሳ የተባለ ኩባዊ ትራምፔት ተጫዋች ከዘፋኙ ማቺቶ ጋር በ1940 በተቋቋመው ባንድ ውስጥ የኩባን ከበሮና የጃዝን ጥሩንባዎች በአንድ መድረክ አሰለፈ። በ1943 የተፈጠረው «ታንጋ» የዚህ ሙዚቃ በኩር ተደርጎ ይቆጠራል። ይኸው ባውሳ በ1947 ቻኖ ፖዞ የተባለውን ኩባዊ ኮንጋ መቺ ከአሜሪካዊው ትራምፔት ተጫዋች ከዲዚ ጊሌስፒ ጋር አገናኘ። ከእነሱ ትብብር የወጣው «ማንቴካ» ዛሬም ድረስ ይሰማል። የዲዚን ስም አትርሱት፤ ወደ ፔሬዝ ታሪክ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን ሙዚቃ አንድ አድርጎ የሚይዘው ክላቬ የሚባለው ምት ነው። ሁለት አጫጭር ክብ እንጨቶችን በማጋጨት ይመታል። አምስት ምቶች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ሁለቱ በሌላው። እንማረው። ከአንድ እስከ ስምንት፣ እኩል እኩል ቁጠሩ፤ በአንድ፣ በአራትና በሰባት ላይ አጨብጭቡ። ሳታቋርጡ እንደገና ከአንድ እስከ ስምንት ቁጠሩ፤ አሁን በሦስትና በአምስት ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

(የክላቬ እንጨት ድምፅ፤ አራት ዙር፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ፈጠን ብሎ።)

የመጀመሪያው ስምንት ወደ ፊት የሚገፋ፣ ሁለተኛው የሚያሳርፍ ሆኖ ተሰማችሁ? ልምድ ያለው ባንድ ውስጥ ክላቬውን ማንም በእንጨት ባይመታው እንኳ ፒያኒስቱም፣ ባስ ተጫዋቹም፣ ጥሩንባ ነፊውም በልባቸው ይዘውታል። አንዱ ወገኑን ካገላበጠ ሁሉም ያውቁበታል፤ ምት ተሻገረብን ይላሉ። ፔሬዝ ከሦስት ዓመቱ ጀምሮ በቦንጎ ያጠናው ይህን የመሰለውን የውስጥ ቆጠራ ነው።

(የትልቅ ባንድ ጥሩንባዎች ድምፅ፤ ይነሣል፣ ዝቅ ይላል።)

በ1980ዎቹ መጨረሻ ዲዚ ጊሌስፒ የተባበሩት ሀገራት የሚል ስም ያለው ኦርኬስትራ መሠረተ። በውስጡ ከኩባ፣ ከብራዚል፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከአሜሪካ የመጡ ስመ ጥር ተጫዋቾች ነበሩ። ፒያኖው ላይ የተቀመጠው ፔሬዝ በዕድሜ የሁሉም ታናሽ ነበር። በ1989 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ ያቀረቡት ኮንሰርት በአልበም ወጥቶ ግራሚ ተሸልሟል። ሽማግሌው ዲዚ ከምቱ በላይ አንድ ቁም ነገር አስተማረው፤ ከሌላው ዓለም ጋር በሙዚቃ ለመነጋገር በመጀመሪያ የራስህን አገር ሙዚቃ ጠንቅቀህ ልታውቅ ይገባል የሚል ነው። ወጣቱ እስከዚያ ድረስ ዓይኑ ኒው ዮርክ ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ወደ ፓናማ መመልከት ጀመረ።

በዚያው በ1989 ታኅሣሥ ወር ፔሬዝ የራሱን ባንድ ይዞ ፓናማ ውስጥ ኮንሰርት ሊያቀርብ ቀጠሮ ነበረው። በወሩ 20ኛ ቀን የአሜሪካ ጦር ፓናማን ወረረ። ከተማው ተኩስና ዝርፊያ በሆነበት ሰዓት ኮንሰርቱን ቢሰርዝ ማንም ባልወቀሰው። እሱ ግን ሞትም ከመጣ ጃዝ እየተጫወትኩ ይምጣ ብሎ ወሰነ። ሰውም መጣ። መንግሥትን የሚደግፈውም የሚቃወመውም በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ አደመጠ። ፔሬዝ ከዚያ ወዲህ ስለ ሙዚቃ ማኅበራዊ ጥቅም ሲናገር ይህን ኮንሰርት ሳያነሣ አያልፍም። ሃያ አራት ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ መድረክ ሰዎችን ምን ሊያስተምር እንደሚችል በዓይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው።

(የፒያኖ ድምፅ፤ አጭር።)

ከ1993 ጀምሮ በራሱ ስም አልበሞችን ማውጣት ያዘ። ሁለተኛው አልበሙ «ጉዞው» ይባላል፤ በመርከብ ታጭቀው ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ የተጋዙትን ሰዎች መንገድ በሙዚቃ የሚተርክ ነው። በ1996 ደግሞ «ፓናሞንክ»ን አወጣ። ቴሎኒየስ ሞንክ በሰበር ሰካ አጨዋወቱ የታወቀ አሜሪካዊ የጃዝ ፒያኒስት ነበር፤ አድማጭ ከጠበቀው ቦታ ትንሽ ዘግይቶ፣ አንዳንዴም ቀድሞ ቁልፉን ይመታል፤ ደግሞ ድንገት ዝም ይላል። ፔሬዝ የሞንክን ድርሰቶች ወስዶ የፓናማንና የካሪቢያንን ምት ከሥራቸው አነጠፈላቸው። የሞንክ ዝምታ በወደቀበት ክፍተት ከበሮው ገብቶ ሲመልስለት፣ ሁለቱ ከጥንትም የሚተዋወቁ ይመስላሉ። በ1998 በወጣው «ሴንትራል አቬኑ» ውስጥም የፓናማ የገጠር ዘፋኝን ድምፅ ከጃዝ ባንድ ጋር አገናኝቷል። የዲዚ ምክር ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

በ2000 ሌላ ታላቅ መምህር አገኘ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ዌይን ሾርተር ከፔሬዝ፣ ከባስ ተጫዋቹ ጆን ፓቲቱቺና ከድራም መቺው ብራያን ብሌድ ጋር አራት ሆነው አንድ ቡድን መሠረቱ። ሾርተር በ1960ዎቹ ከጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር የሠራ አንጋፋ ነበር። የቡድኑ አሠራር ለብዙ ሙዚቀኛ የሚያስፈራ ነበር። ማን ይጀምራል፣ ማን ይከተላል፣ ዜማው የት ያበቃል የሚለው አስቀድሞ አይወሰንም፤ በልምምድ የተቀመረ ነገር ይዘው አይወጡም። አራቱም መድረክ ላይ ወጥተው ያዳምጣሉ፤ አንዱ ሐሳብ ይጥላል፣ ሌላው ያነሣዋል። ሁልጊዜ ብዙ ቁልፍ መምታት የለመደ ፒያኒስት እዚህ ትልቁን ትምህርት የሚያገኘው ባልመታው ነው። ጓደኛው ሐሳቡን ሳይጨርስ ከገባ ያበላሽበታል። ቡድኑ ሁለት አሥርት ዓመታት ግድም ዓለምን ዞሯል፤ «ኢማኖን» የተባለው አልበሙም በ2019 ግራሚ አግኝቷል።

(የክፍል መለያ ዜማ።)

አሁን ወደ መምህሩ ፔሬዝ እንምጣ። አንድ ሙዚቀኛ በውጭ አገር ስሙ ሲገን ለአገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ኮንሰርት ነው። ፔሬዝ በ2003 የፓናማ ጃዝ ፌስቲቫልን ሲጀምር ግን ነገሩን ገለበጠው። የፌስቲቫሉ እምብርት ቀን ቀን የሚሰጠው ትምህርት ነው። የዓለም ታዋቂ ተጫዋቾች ማታ ኮንሰርት ከማቅረባቸው በፊት ቀን ላይ ተማሪዎችን ያስተምራሉ። ከውጭ የመጡ የሙዚቃ ኮሌጆች ልጆችን ፈትነው ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። በመጨረሻው ቀን ደግሞ በክፍያ አዳራሽ መግባት የማይችለው ሕዝብ በአደባባይ በነፃ የሚያየው ኮንሰርት ይቀርባል።

ፌስቲቫሉ ለብዙ ዓመታት ከተስተናገደባቸው ቦታዎች አንዱ የእውቀት ከተማ የሚባለው ግቢ ነው። ይህ ግቢ በ1989ኙ ወረራ ጊዜ ክሌይተን የሚባል የአሜሪካ ጦር ሰፈር ነበር። የፓናማ ቦይ በ1999 መጨረሻ ለፓናማ ሲመለስ ሰፈሩም የትምህርትና የምርምር ማዕከል ሆነ። ዛሬ በወታደሮቹ መሰለፊያ ሜዳ አካባቢ ልጆች ሳክስፎን ይዘው ሲሮጡ ይታያል።

በ2005 ደግሞ በስሙ የሚጠራውን ድርጅት አቋቋመ። የከፈተውም በፓናማ ሲቲ አሮጌው ሰፈር በካስኮ ቪዬሆ፣ ድሮ ብሔራዊው ኮንሰርቫቶሪ በነበረበት ሕንፃ ውስጥ ነው። በዚያ ሰፈር ድኅነትና የወሮበሎች ቡድን ልጆችን ይሻሙ ነበር። ድርጅቱ ለእነዚህ ልጆች ሙዚቃ ያስተምራል፤ ዓላማው ግን ሁሉንም ሙዚቀኛ ማድረግ አይደለም። ሰዓት ማክበር፣ ተራ መጠበቅ፣ ከሌላው ጋር አንድ ነገር ጀምሮ መጨረስ የሚለመደው በባንድ ልምምድ ውስጥ ነው ብሎ ያምናል። ከእነዚህ ልጆች መካከል ስኮላርሺፕ አግኝተው ውጭ የተማሩ አሉ፤ ተመልሰው ለታናናሾቻቸው ወንበር የዘረጉም አሉ። ባለቤቱ ፓትሪሺያ ሳራቴ ቺሊያዊት ሳክስፎን ተጫዋችና በሙዚቃ የማከም ባለሙያ ናት፤ ሥራውን አብራው ትመራለች።

በተማረበት በበርክሊም በ2010 ሥራ የጀመረውን ዓለም አቀፍ የጃዝ ተቋም በጥበብ ዳይሬክተርነት ይመራል። ከተለያዩ አገሮች የሚመጡት የዚህ ተቋም ተማሪዎች የሚጫወቱት በኮንሰርት አዳራሽ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሆስፒታልና ወደ ማረሚያ ቤትም ይሄዳሉ። ቲኬት ገዝቶ የመጣ ሰው ባይወድም በጨዋነት ያጨበጭባል። ታማሚው ወይም ታራሚው ግን ካልነካው ፊቱን ያዞራል። ተማሪው ጣቱ ፈጣን መሆኑ ብቻውን ምንም እንደማይጠቅመው የሚገባው ያኔ ነው። ዩኔስኮ በ2012 ፔሬዝን የሰላም አርቲስት ብሎ ሲሰይመው ይህን ሁሉ ሥራውን አይቶ ነው።

እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ሰው ሕይወት ለእኛ ክፍል ምን እንውሰድ? ክራርም ፒያኖም የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ልጅ ይዞ የሚያስተምር መምህር፣ ይህ ለሀብታም አገር ነው ሊል ይችላል። የፔሬዝ አባት ሐሳብ ግን መሣሪያ በመግዛት አልተጀመረም። ጭብጨባና ቆጠራ በየክፍሉ አለ፤ አውጪና ተቀባይ ሆኖ ማዜምንማ ልጆቻችን ከየቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ሙዚቃ የሒሳብን መጽሐፍ አይተካም፤ ልምምድንም አያስቀርም። ነገር ግን ልጁ ከቁጥር ጋር ሲገናኝ ፍርሃት እንዳይቀድመው ያደርጋል። አንድ መምህር በ1967 በወረቀት ያሰፈሩት ሐሳብ በአንድ ልጅ ተፈትኖ፣ በዚያ ልጅ በኩል ለብዙ ልጆች ደርሷል። የመምህር ሥራ ውጤቱ ዘግይቶ የሚታይ ነውና፣ ዛሬ ክፍል ውስጥ የምትሞክሩትን ትንሽ ነገር አትናቁት።

የሳምንቱን የቤት ሥራ እንስጣችሁ። መምህራን፣ የክፍልፋዩን ጭብጨባ ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ከዚያ ስምንተኛ ኖታን፣ ማለትም የሩብን ግማሽ፣ እንዴት እንደምትጨምሩበት ራሳቸውን ጠይቋቸው። ተማሪዎች፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንዳችሁ ክላቬውን እየመታችሁ ሌላችሁ የምታውቁትን ዘፈን አዚሙ፤ የትኛው ዘፈን እሺ እንዳለና የትኛው እንዳስቸገረ መዝግቡ። ወላጆች፣ ጠረጴዛ የሚደበድበውን ልጅ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እየቆጠረ እንደሆነ ጠይቁት። ያገኛችሁትን ጻፉልን ወይም ደውሉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችንን የምንጀምረው በእናንተ መልስ ነው።

(መዝጊያ፦ የክላቬ ምት ለብቻው ሁለት ዙር፤ ከዚያ ሙሉ ባንዱ ይገባል፤ እስከ ሰዓቱ ማብቂያ ይቀጥላል።)